የሳሳፍራስ ሥር ቆፍሬ ሩት ቢር ልጥመቅ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ከቤታችን ጀርባ ጫካው ዳር ሳሳፍራስ የሚባለው፣ ሥሩ የሚሸት ዛፍ በሽ ነው። አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ ጠላ ስጠምቅ አይተውኝ "ሥሩን ቆፍሪና ሩት ቢር ሥሪበት፣ አያቴ እንደዚያ ታደርግ ነበር" አሉኝ፤ ሩት ቢር ማለት በሥር የሚጣፈጠው ጋዝ ያለው ጣፋጭ መጠጥ ነው። መቼ ልቆፍር? እስከ ሰመር እንዴት ይቆይልኛል? ልጆቼ ሩት ቢር ይወዳሉ።

መልስ፦ እህቴ፣ ከልጆቹ ልጀምር። ለሥሩ ሽታውን የሚሰጠው ሳፍሮል የሚባል ነገር ነው። አይጦች ላይ ሲሞከር የጉበት ካንሰር ስላመጣ፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1960 ምግብና መጠጥ ውስጥ እንዳይገባ ከልክሎታል። ሱቅ የምትገዢው ሩት ቢር ወይ ሳፍሮሉ የወጣለት ነው ወይ በሌላ ማጣፈጫ የተሠራ። እርሾ አብላልቶ አያጠፋልሽም። ስለዚህ ለልጅና ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፣ አለቀ። አንቺ ራስሽ አንዴ ለመቅመስ ካማረሽ ውሳኔው ያንቺ ነው፤ እኔ ግን በየሳምንቱ አልጠጣውም።

ቁፋሮው የአሜሪካው ብርድ ወቅት (ዊንተር) ሊወጣ ሲል፣ እምቡጡ ሳይፈነዳ ነው። ችግሩ ያኔ ቅጠል የለውም። በመከር ወቅት ዛፉን ለይተሽ ጨርቅ እሰሪበት፤ አንዱ ቅጠል ሞላላ፣ አንዱ አውራ ጣት እንዳለው ጓንት፣ አንዱ ባለ ሦስት ጣት ሆኖ ሁሉም እዚያው አንድ ዛፍ ላይ ታገኚዋለሽ። ትልቁን ዛፍ አትንኪው። ዙሪያውን ከሥሩ የሚፈላ ችግኝ አይጠፋም፣ ከዚያ ጣት የሚያህል ሥር ይበቃሻል። ጫካው የሰው ከሆነ አስፈቅጂ፤ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ዶማሽን ቤት ተዪው።

ሽታው ያለው ልጡ ላይ ነው፣ የውስጡ እንጨት ብዙም አይረባም። አፈሩን በብሩሽ ፈትገሽ እጠቢና እርጥብ ሳለ ላጪው፤ ሲደርቅ ሙጭጭ ይላል። የተላጠው ወዲያው እንደ ዝገት ይቀላል፣ አይደንግጥሽ፣ አልተበላሸም። ሰፌድ ላይ በትነሽ ጥላ ውስጥ አድርቂው፣ ፀሐይ ሽታውን ይወስደዋል። ስትሰብሪው ቀጭ ካለ ደርቋል። ሳትፈጪው ክዳን ባለው የመስታወት ዕቃ ጨለማ ቦታ አስቀምጪው። በሳምንቱ መስታወቱ ውስጡን ካላበው ወደ ሰፌዱ መልሺው፤ በደንብ ሳይደርቅ የታሸገ ጌሾ ሻግቶባት የምታውቅ ሰው ይኼ አይነገራትም።

ለልጆቹ ሳፍሮል የሌለውን የሩት ቢር ኤክስትራክት (ፈሳሽ ማጣፈጫ) ከቤት ጠመቃ ዕቃ መሸጫ ግዢ። ከስኳርና ከእርሾ ጋር በፕላስቲክ ጠርሙስ ሙዪው፤ ስትጨብጪው እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ሳትውይ ሳታድሪ ፍሪጅ ውስጥ ክተቺው። የመስታወት ጠርሙስ ግን እንዳትሞክሪ፣ ይፈነዳል።