ይጠይቁ፦ ያደጉበትን ቤት መልሶ ማየት

በዚህ እትም የምንመልሳቸው አራቱም ደብዳቤዎች የመጡት ለአንድ ጉዳይ ነው፤ ዕድሜያቸው የገፋ እናቶች ከብዙ ዓመት በኋላ ያደጉበትን ቤት ሊያዩ ሲነሡ ምን ይገጥማቸዋል፣ ምንስ ይዘው ይሂዱ? መልሱን ያዘጋጁት በአረጋውያን እንክብካቤና በጭቃ ቤት እድሳት የሚሠሩ ባልደረቦቻችን ናቸው።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 71 ነው። ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው፤ ከወጣሁ 43 ዓመቴ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አባቴ ያሠራው ቤት እስካሁን ቆሟል፤ ግን የቀበሌ ቤት ሆኖ ሰው ይኖርበታል። ለጥቅምት ቲኬት ቆርጫለሁ፤ ቀኑ በቀረበ ቁጥር ፍርሃት ያዘኝ። እንደማስታውሰው ባይሆንስ? በሩ ላይ ቆሜስ ምን እላለሁ?

መልስ፦ እንደሚያስታውሱት አይሆንም። ይህን አውቀው ቢገቡ ይሻላል። መጀመሪያ የሚያስደነግጠው የቤቱ ማነስ ነው። የ6 ዓመት ልጅ ዓይን ከመሬት 1 ሜትር ያህል ቢርቅ ነው፤ ያኔ መደቡ ወገብዎ ላይ ይደርስ ነበር፣ ጓዳው ሩቅና ጨለማ ነበር። ቤቱ ያው ነው፤ የተለወጠው እርስዎ የለኩበት ቁመት ነው።

ከመሄድዎ በፊት አንድ ሥራ አለብዎ። ቤቱን ከነግቢው በትልቅ ወረቀት ላይ ከትዝታዎ ይሣሉት። በሩ በየት በኩል እንደሚከፈት፣ ምድጃው፣ መደቡ፣ የእናትዎ ሣጥን፣ እንስራው የሚቀመጥበት፣ አጥሩና ዛፉ ሁሉ ይግባ። ሥዕሉ ማማር የለበትም። ቀኑን ጽፈውበት አጥፈው ያስቀምጡት። ለምን ቢሉ፣ ቤቱን ባዩ ማግስት አዲሱ ምስል አሮጌው ላይ ይጫናል፤ ከዚያ ወዲያ የቱ የድሮው፣ የቱ የዛሬው እንደሆነ መለየት ያዳግታል። ትዝታ ሣጥን ውስጥ እንደተቀመጠ ፎቶግራፍ አይደለም፤ በታወሰ ቁጥር እንደገና ይሠራል፣ ሲሠራም የዕለቱን ነገር ይቀላቅላል። ወረቀቱ ግን ባለበት ይቆይልዎታል።

ወደ በሩ እንምጣ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ሲወጣ፣ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩ ቤቶች በቀበሌ ሥር ገቡ። ዛሬ በእነዚያ ቤቶች ካሉት ብዙዎቹ እዚያው ወልደው ያሳደጉ ናቸው። ከውጭ የመጣች ሴት ደጃፍ ላይ ቆማ «ይህ የአባቴ ቤት ነው» ስትል እነሱ የሚሰሙት «ልታስለቅቀን መጣች» ነው። ፊታቸው ቢጠቁር ክፋት እንዳይመስልዎ፤ ሥጋት ነው።

ስለዚህ በድንገት አይሂዱ። ሰዎቹን የሚያውቅ የሰፈር ሽማግሌ ወይም ጎረቤት አንድ ቀን ቀድሞ ይንገርልዎ። ሲደርሱ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚወጣው ቃል ይህ ይሁን፦ «ያደግሁበት ቤት ስለሆነ ላየው ብቻ ነው የመጣሁት፤ የምጠይቀው ነገር የለኝም።» ቡናና ስኳር ይዘው ቢገቡ ደግ ነው። ሜትር ይዘው ግድግዳ እንዳይለኩ፤ የሚለካ ሰው ለክርክር የመጣ ይመስላል። የቤት ወረቀት የያዘ ቦርሳም ሆቴል ይቅር። ስልክዎን ለፎቶ የሚያወጡት አስፈቅደው፣ ከተቀመጡና ቡናው ከተፈላ በኋላ ነው። በልብዎ የባለቤትነት ጥያቄ ካለ እሱ የጠበቃ ጉዳይ ነው፤ ከዚህ ጉብኝት ጋር አይቀላቅሉት።

የመጀመሪያው ጉብኝት ከግማሽ ሰዓት አይለፍ። በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ይመለሱ። በመጀመሪያው ቀን ሰው የሚያየው የጎደለውን ነው፤ የቀረውን የሚያየው በሁለተኛው ነው። ብዙ ጊዜ ልብን የሚሰብረው ደግሞ ዓይን ያየው አይደለም። ምጣድ በጎመን ዘር ሲታሰስ የሚወጣው ጢስ፣ በእበት የተለቀለቀ ወለል ሽታ፣ እርጥብ ጭድ፤ ሽታ ስሜትንና ትዝታን ወደሚይዘው የአንጎል ክፍል በአጭሩ ይደርሳል፣ ቃል ሳይመጣ እንባው ይቀድማል። ይህ ሲሆን ቁጭ ይበሉ። ቆመው እንዳሉ ጉልበት ሊከዳ ይችላል።

አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። እርስዎ በሌሉበት 43 ዓመት ውስጥ ለቅሶ ያልደረሱበት ቤት ብዙ ነው። ከመነሣትዎ በፊት ከዘመድ ጋር በስልክ ተነጋግረው ማን እንዳረፈ በየቤቱ ይመዝግቡ። «እትዬ እገሊት እንደምን አሉ?» ብሎ የሞተ ሰው መጠየቅ ለጠያቂውም ለተጠያቂውም ከባድ ነው። ለቅሶ የሚደርሱባቸውን ቤቶች በቀን ከሁለት አያሳልፉ፤ በአንድ ቀን አምስት ቤት የሚያለቅስ ሰው ማታ ይታመማል። መቃብር የሚጎበኙ ከሆነም አስቀድመው የቤተ ክርስቲያኑን ሰበካ ጉባኤ ያስጠይቁ፤ የቆየ መቃብር የሚነሣበት ጊዜ አለ፣ ይህን እዚያው ቆሞ መስማት አይገባም።

ስለ ጤናዎ በአጭሩ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ 2 ወይም 3 ሌሊት አድረው 130 ኪሎ ሜትሩን ቢጓዙ ራስ ምታቱና የትንፋሽ ማጠሩ ይቀንስልዎታል። በረጅሙ በረራ በየ1 እና 2 ሰዓቱ ተነሥተው ይራመዱ፤ እግር ላይ ደም እንዳይረጋ ነው። መድኃኒትዎ በእጅ ሻንጣ፣ ከነብልቃጡ፣ ከጉዞው ቀን 2 ሳምንት የሚተርፍ ይሁን። የልብ ወይም የሳምባ ሕመም ካለብዎ ከፍታውን ለሐኪምዎ በቁጥር ይንገሩ። የመንገዱንም ሁኔታ ከመነሣትዎ አንድ ቀን በፊት እዚያው ካሉ ሰዎች ያጣሩ።

ጥያቄ፦ እኔና ታናሽ እህቴ አብረን ልንሄድ ነው። እናታችን ያረፈችው እልፍኝ ውስጥ ነው እላለሁ፤ እሷ ጓዳ ነው ትላለች። ያኔ እኔ 11፣ እሷ 4 ዓመቷ ነበር። ሁለታችንም እንምላለን። እዚያ ስንደርስ እንዳንጣላ ፈራሁ።

መልስ፦ ከ3 ዓመት በታች የሆነውን ሰው አድጎ ከቶ አያስታውስም ማለት ይቻላል። በ4 ዓመት የሚቀረው ቁርጥራጭ ነው፤ አንድ ብርሃን፣ አንድ ጩኸት፣ የሰው ብዛት። በመካከል ያለውን ክፍተት በኋላ የሰማችው ሞልቶላታል፤ ይህ ውሸት አይባልም። የእርስዎም 11 ዓመት ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ከመሄዳችሁ በፊት ለየብቻ ተቀምጣችሁ የምታስታውሱትን በስልክ ቅዱ፤ አንዳችሁ የሌላውን አትስሙ። ምናልባት አስከሬኑ የተገነዘው በአንዱ ክፍል፣ ነፍስ የወጣው በሌላው ሊሆን ይችላል፤ በዕድሜ የገፋ ጎረቤት ካለ ይጠይቁ። ሲጠይቁ ግን «እልፍኝ ነበር አይደል?» አይበሉ፤ መልሱን ማቀበል ነው። «ያን ቀን እርስዎ የት ቆመው ነበር?» ቢሏቸው ይሻላል።

ጥያቄ፦ እናቴ 79 ዓመቷ ነው፤ የመርሳት በሽታ እንዳለባት ሐኪም ነግሮናል። አመሻሽ ላይ ተነሥታ «ቤቴ ውሰዱኝ» ትለናለች፤ የምትለው ያደገችበትን የገጠር ቤት ነው። ብንወስዳት ይሻላት ይሆን?

መልስ፦ እህታችን፣ «ቤቴ» የሚለው ቃል በዚህ በሽታ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ማለት አይደለም። በሽታው ሲጀምር የሚወስደው የቅርቡን ነው፤ የልጅነቱ ብዙ ቆይቶ ነው የሚነካው። ስለዚህ እናትዎ በልባቸው ያሉት እናታቸው ባለችበት፣ እሳቱ በሚነድበት ቤት ነው። ወስደው ሲያደርሷቸው ያ ቤት እዚያ ላይኖር ይችላል፤ እዚያው ግቢ ውስጥ ቆመው «ቤቴ ውሰዱኝ» ማለታቸውን ሊቀጥሉ ይችላሉ። ይህን የማያውቅ ልጅ ያን ጊዜ ክፉኛ ይሰበራል።

ይህ ማለት አይሂዱ ማለት አይደለም። በሽታው ገና ከሆነ፣ ሰው የሚለዩ ከሆነ፣ በሌላ ቤት አድረው የማይረበሹ ከሆነ መሄዱ ደስታ ሊሆን ይችላል። አስቀድመው ይሞክሩት፤ እዚያው ከተማ ውስጥ ዘመድ ቤት አንድ ሌሊት አሳድረው ይመልከቱ። ሌሊቱን ሙሉ ከተነሡ፣ ከፈሩ፣ መጸዳጃ ካጡ ረጅሙ ጉዞ አይሆንም። ከሄዱም በቤቱ የሚያሳልፉት ከጧት እስከ እኩለ ቀን ያለውን ይሁን፤ መደናገሩ የሚብሰው ሲመሽ ነው። አጃቢው ሁልጊዜ አንድ ሰው ይሁን፣ አይለዋወጥ። ውኃ እየቆጠሩ ያጠጧቸው፤ በጉዞ ላይ ውኃ የጎደለው ሽማግሌ በአንድ ቀን ፈጽሞ ሌላ ሰው ይመስላል። እንዲህ በድንገት ከተለወጡ የመርሳቱ ነው ብሎ መተው አደገኛ ነው፤ የሽንት ኢንፌክሽን ወይም የተዛባ መድኃኒት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ይያቸው። «እናቴስ?» ሲሉ ደግሞ «ሞታለች» እያሉ በየቀኑ አያርዷቸው። «እናትሽ ምን ትሠራልሽ ነበር?» ይበሉና ያውሩ።

መሄድ ካልተቻለም ተስፋ አይቁረጡ፤ አንድ ዘመድ ግቢውን በቪዲዮ ቀርጾ፣ ድምፁን ሳያጠፋ ይላክ። የዶሮው፣ የደወሉ፣ የሰዉ ድምፅ ከምስሉ ይበልጥ ይሠራል። ከ5 ደቂቃ አይለፍ።

ጥያቄ፦ የእናታችን የጭቃ ቤት፣ ደብረ ብርሃን አቅራቢያ፣ የእኛው ይዞታ ነው። ታላቅ እህታችን ለፋሲካ ልትመጣ ነው። ግድግዳው ከሥሩ ተሸርፏል፤ ቆንጆ ሆኖ እንዲጠብቃት በሲሚንቶ ልናስለስነው ነው። ስንት ከረጢት ይበቃል?

መልስ፦ ሲሚንቶውን አይግዙ። ጭቃ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሲሚንቶ ደረቅና ግትር ነው፣ አብሮት አይንቀሳቀስም። በአንድና ሁለት ክረምት ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ውኃ ይገባል፣ መውጫ አጥቶ ከኋላ ያለውን ማገርና ቋሚ ያበሰብሳል። ከውጭ ደኅና የሚመስለው ግድግዳ አንድ ቀን እንደ ቆዳ ተገሽልጦ ይወርዳል።

ከሥሩ የሸረፈው የክዳኑ ውኃ መሬት መትቶ እየተረጨ ነው። መጀመሪያ እሱን ያቁሙ፦ የቆርቆሮው ጫፍ ከግድግዳው ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ይውጣ፤ ከግድግዳው 1 ሜትር ያህል ርቆ ውኃ የሚወስድ ቦይ ይቆፈር፤ ለዓመታት ግድግዳው ሥር የተቆለለው አፈርና አመድ ይነሣ። ይህ ሳይሆን ምርጊት መምረግ ገንዘብ መበተን ነው።

ቀጥሎ ቋሚዎቹን አንድ በአንድ በቢላዋ ጫፍ ከመሬቱ አጠገብ ይውጓቸው። ቢላዋው በቀላሉ ከገባ በስብሷል። ባሕር ዛፍ ከሆነ መሬት ውስጥ ያለው ቶሎ ይበሰብሳል፤ ጥድ ወይም ወይራ ከሆነ ብዙ ጊዜ ደኅና ነው። ሲለወጥ ክዳኑ በድጋፍ ተይዞ አንዱ ቆሞ ካለቀ በኋላ ነው ሌላው የሚነካው፤ ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት አንድ ላይ ያወጣ ሰው ግድግዳውን ያጣዋል።

ለምርጊቱ አፈሩን ይፈትሹ፦ በቡጢ የሚሞላ ጭቃ ጠቅልለው ጥላ ውስጥ ያድርቁ። ከተሰነጠቀ ጭድ ይጨመርበት፤ ሲጨብጡት የሚፈረፈር ከሆነ ሸክላነት ያለው አፈር ይፈልጉ። ከጤፍ ጭድ ጋር ተቀላቅሎ፣ በየ2 ቀኑ ውኃ እየተጨመረበትና እየተረገጠ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይቡካ። ሽታው ሲከረፋ ደርሷል። የላላው ተፍቆ ይውረድ፣ ግድግዳው ውኃ ይረጭ፣ የመጀመሪያው ወፍራም ምርጊት ይመረግ። እሱ ደርቆ ስንጥቁን ከጨረሰ በኋላ ነው ሁለተኛው ቀጭኑ የሚሄደው። የሚቸኩል ሰው ሁለቱን በአንድ ሳምንት ይጨርስና በወሩ ስንጥቁ ይታያል። በእናንተ አገር ደግሞ ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ አለ፤ ርጥብ ምርጊት ሌሊት ውርጭ ከመታው ፊቱ ይረግፋል። ጥቅምት ከሁሉ ይመረጣል፤ ከዚያ ካለፈ ማታ ማታ በማዳበሪያ ጆንያ ይሸፈን። የበልጉ ዝናብ ፋሲካን ስለሚሻማ ዘንድሮ ቦዩንና ክዳኑን ብቻ አስተካክላችሁ የውጩን ምርጊት ለጥቅምት ብታቆዩት እንመርጣለን።

የውስጡን ግን እህታችሁ ሳታየው አትንኩት። እንለምናችኋለን። ምድጃው አጠገብ የጠቆረው ግድግዳ፣ እናታችሁ መደቡን ስትመርግ የጣቶቿ ሰንበር የቀረበት፣ መቃኑ ላይ የልጆች ቁመት የተቆረጠበት ምልክት፤ አንድ ባልዲ ጭቃ ይህን ሁሉ በአንድ ከሰዓት ይሸፍነዋል፣ ተፍቆም አይመለስም። ቢፈርስ እንኳ አስቀድማችሁ ከየክፍሉ አራት ማዕዘን አንድ አንድ ፎቶ አንሡ፤ ከዚያ በሩን፣ መስኮቱን፣ ምድጃውን በቅርብ፣ ልኩ እንዲታወቅ አጠገቡ እጃችሁን አድርጋችሁ።

ሣጥኑ ውስጥ እርስ በርሱ ወይም መስታወቱ ላይ የተጣበቀ ፎቶግራፍ ካገኛችሁም አትላጡት፤ ፊቱ ይቀራል። ከነመስታወቱ ጥላ ውስጥ በስልክ አንሡት። ልቅ የሆኑትን በወረቀት ፖስታ አድርጉ፤ ላስቲክ ውስጥ ርጥበት ይታፈናል። ከኋላቸው በስክሪፕቶ አትጻፉ፤ እህታችሁ ስትመጣ የሰዎቹን ስም እየጠራች እናንተ ፖስታው ላይ በእርሳስ መዝግቡ።