ለጀልባ ትኬት ፕሮግራም ቲኪንተር ወይስ ፓይሳይድ?

ጥያቄው የደረሰን ከባሕር ዳር ነው። ጠያቂው ከጣና ዳርቻ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ጎብኚ ለሚያመላልስ የጀልባ ማኅበር የትኬት መመዝገቢያ ፕሮግራም በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ እየሠሩ ነው። ለመስኮቶቹና ለአዝራሮቹ ከፓይተን ጋር በሚመጣው በቲኪንተር ይሥሩ ወይስ ለዚሁ ሥራ የሚያገለግለውን ሌላ መሣሪያ፣ ፓይሳይድን፣ ይጫኑ፣ መወሰን አልቻሉም። የወደቡ ኮምፒውተር ዊንዶውስ 7፣ የቢሮው ደግሞ ዊንዶውስ 10 መሆኑንም ጠቅሰዋል።

ወሳኙ ይህ በመጨረሻ የጠቀሱት ነገር ነው። የአሁኑ ፓይሳይድ የቆመበት የመስኮት መሥሪያ፣ ኪውት 6፣ ቢያንስ ዊንዶውስ 10 ስለሚፈልግ በወደቡ ኮምፒውተር ላይ አይሠራም። ፓይተን ራሱም ዊንዶውስ 7ን የደገፈው እስከ 3.8 ድረስ ብቻ ስለሆነ፣ በዚያ ሥሪት ላይ በቲኪንተር የጻፉት ፕሮግራም በቢሮው አዲስ ፓይተንም ላይ ያለ ብዙ ለውጥ ይሄድልዎታል። ስለዚህ ቲኪንተርን ይምረጡ እላለሁ።

የግእዝ ፊደላት እርስ በርስ ስለማይቀጣጠሉ ቲኪንተር እነርሱን ለማሳየት አይቸገርም፤ የሚያስቸግረው የፊደል ቅርጹ (ፎንቱ) ነው። ዊንዶውስ 7 ኒያላ የተባለውን ፎንት፣ ዊንዶውስ 10 ደግሞ ኢብሪማን ስለሚጠቀም ያው መስኮት በሁለቱ ቦታ የተለያየ መልክ ይኖረዋል። ኪውት የፊደል ፋይልን ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ መጫን ሲችል ቲኪንተር ግን ይህን ስለማይችል፣ እንደ አቢሲኒካ ያለ አንድ ፊደል በሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ አስቀድመው ይጫኑ። ሠንጠረዥ የሚያሳየው ትሪቪውም የረድፉን ቁመት በ20 ፒክሰል ወስኖ ስለሚነሣ፣ ፊደሉን ሲያተልቁ አናቱና እግሩ ይቆረጣል፤ በስታይሉ ውስጥ ሮውሃይት የሚባለውን ከፍ ማድረግ አይርሱ።

ቀኑን በተመለከተ ከቲኪንተርና ከፓይሳይድ አንዱም የኢትዮጵያን አቆጣጠር አያውቅም። በመረጃ ቋቱ የፈረንጁን ቀን አስቀምጠው፣ ለትኬት ቆራጩ ቀን፣ ወርና ዓመት የሚመረጥባቸው ሦስት ኮምቦቦክሶች ያቅርቡለት፤ ጳጉሜን ሲመረጥ የቀኑ ዝርዝር በ5፣ እንደ 2015 ባለው ዓመት ደግሞ በ6 እንዲያበቃ ያድርጉ። የመድረሻውንም ስም አያስተይቡት። አንዱ «ኡራ ኪዳነ ምሕረት»፣ ሌላው «ኪዳነ ምህረት» ብሎ ከመዘገበ፣ ለእኛ አንድ የሆነው ቦታ በወር መጨረሻ ድምር ላይ ሁለት ሆኖ ይወጣል፤ ይህ በየመሥሪያ ቤቱ የማየው ችግር ነው።

ለኅትመት ከፓይተን 3.8 ጋር የሚመጣው ቲኪንተር የራሱ መሣሪያ የለውምና ትኬቱን ሪፖርትላብ በሚባለው የፓይተን መሣሪያ ወደ ፒዲኤፍ አውጥተው ያትሙ።

የወደቡ ኮምፒውተር ሲለወጥ ፓይሳይድን መልሰው ሊያስቡት ይችላሉ። ፈቃዱ ኤልጂፒኤል የሚባለው የነፃ ሶፍትዌር ፈቃድ ስለሆነ፣ ደንቡን እስካከበሩ ድረስ ኮድዎን ሳይገልጡ መሸጥ ይፈቀድልዎታል፤ በኪውት ላይ የቆመው ተቀራራቢው ፓይኪውት ግን ወይ ኮድን መግለጥ የሚያስገድደውን የጂፒኤል ፈቃድ መቀበል ወይ የንግድ ፈቃድ መግዛት ይጠይቃል። ለዚያ ጊዜ እንዲመችዎ የዋጋ ስሌቱንና የመረጃ ቋቱን ሥራ ከመስኮቶቹ ኮድ ለይተው በሌላ ፋይል ይጻፉት።