ስኒከሯን አስራ የምትጠብቅሽ ሰው አለች?

ጂም በተመዘገብኩ ቁጥር ሁለት ሳምንት ሄጄ አቆማለሁ። ስንፍና ነው? (ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር)

ኧረ በፍጹም! ብቻሽን ግድግዳ እያየሽ ማሽን መርገጥ ማንንም ይደብራል። ጭፈራ ከወደድሽ ሙዚቃ ያለበት ኤሮቢክስ ፈልጊ። ክፍያው ከከበደሽ ደግሞ ሁለት ሦስት ጎረቤቶችሽን ሰብስቢና ማለዳ በዘንባባዎቹ ሥር አድርጋችሁ ወደ ጣና ዳር ፈጠን እያላችሁ ተራመዱ። ዋናው ነገር የምትጠብቅሽ ሰው መኖሯ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ስኒከሯን አስራ በር ላይ የቆመች ጎረቤት «ተነሺ እንጂ፣ ብርድ ገደለኝ!» ብላ ስትደውልልሽ፣ እንቅልፉ የቱንም ያህል ቢጥምሽ ሼም ይዞሽ ትነሻለሽ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ በቀን 30 ደቂቃ ለ5 ቀን ማለት ነው። እየተራመዳችሁ ማውራት ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ፣ ፍጥነታችሁ ልክ ነው። ወሬ እያለ 30 ደቂቃ ምን አላት!

ከሴቶች ጋር ኤሮቢክስ ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ፣ ሚዛኑ ግን ንቅንቅ አላለም። ልተወው? (ከግሽ ዓባይ)

እንዳትተይው! መጀመሪያ ግን ልጠይቅሽ፦ ከስፖርቱ በኋላ የት ነው የምትሄዱት? ብዙ ቡድን ላቡ ሳይደርቅ ሻይ ቤት ይገባል። ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለበት ሻይና ሁለት ቦምቦሊኖ ከተጨመረበት የዚያን ቀን ልፋት አለቀ። ስፖርት ብቻውን ብዙ ኪሎ አይቀንስም፣ ምግቡም መስተካከል አለበት። ሻይ ቤቱን አትተዉት፣ ጨዋታው ያስፈልጋችኋል፤ ስኳሩንና ቦምቦሊኖውን ብቻ ተዉት። ወገብሽንም በሜትር ለኪ። የሴት ወገብ ከ88 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ለስኳርና ለልብ ሕመም ያጋልጣል፣ ስለዚህ ሚዛኑ ዝም ቢልም ቦርጭ ከቀነሰ ትልቅ ለውጥ ነው። ደግሞም 80 ኪሎ የምትመዝን ሴት 4 ኪሎ ብቻ ብትቀንስ እንኳ ለደም ግፊቷና ለስኳሯ ይጠቅማታል። ጎረቤትሽ የቀነሰችውን 15 ኪሎ አትመኚ።

ዕድሜዬ 58 ነው፣ ጉልበቴን ያመኛል። ከወጣቶቹ ጋር መዝለል አፈርኩ። (ከበላይ ዘለቀ ክፍለ ከተማ)

እናቴ፣ አይዝለሉ። ወጣቶቹ ሲዘሉ እርስዎ ባሉበት ይርገጡ፣ እስክስታውንም በትከሻዎ ይምቱት፤ በዚያስ ማን ይበልጥዎታል! ከወንበር ቀስ ብሎ መነሳትና መቀመጥን ይደጋግሙ፣ ጭንን ያጠነክራል፣ ለጉልበትም ያግዛል። ጉልበትዎ ካበጠ ግን ሐኪም ይየው።

በዐቢይ ጾም ቡድናችን ይበተናል። ምን እናድርግ?

ሰዓቱን ቀይሩ። ጠዋት ቀለል ያለ እርምጃ ይበቃል፣ ጭፈራውን የዕለቱ ጾም ከተፈታ በኋላ ወደ ማምሻው አድርጉት። የመጋቢትን የቀትር ፀሐይ ታውቁታላችሁ፣ ውኃ ሳይጠጡ አይቻልም። የስኳር መድኃኒት የምትወስድ ካለች ሐኪሟን ሳታማክር በባዶ ሆዷ ስፖርት አትሥራ።