ገበታ የቀረበ ሁሉ በላ ማለት አይደለም፦ ጥያቄና መልስ ስለ አፍላ ወጣቶች አመጋገብ

ሲስተር፦ ሰላም ናችሁ? ደብረ ብርሃን ከአፍላ ወጣቶች ጋር የምሠራ ነርስ ነኝ። ራሳቸውን ስለሚያስርቡና በልተው ስለሚያስመልሱ ልጆች ጠይቁኝ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በልጅ ሰውነት ላይ አስተያየት አትስጡ። «ወፈርሽ» አይባልም። «ከሳሽ፣ አማረብሽ»ም አይባልም።

የሞላሌ እናት፦ ሲስተር፣ ልጄ አልበላ አለች። ምን ላድርግ?

ሲስተር፦ እናቴ፣ ዕድሜዋ ስንት ነው? ከመቼ ጀምሮ? የተወችውስ ምኑን ነው? ይሄን ሳላውቅ ምን ልበልዎት?

የሞላሌ እናት፦ 15 ዓመቷ ነው። ከሁዳዴ ወዲህ ነው። ገበታ አብራን ትቀርባለች፤ ግን እየከሳች ነው።

ሲስተር፦ አሁን ገባኝ። እኛ የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው። ማን ስንት እንደጎረሰ የሚቆጥር የለም። አንዴ አንድ ቤት ሄጄ አብሬ ቀረብኩ። ልጅቷ እንጀራ ትቆርሳለች፣ ሽሮውን ትነካካለች፣ ከዚያ ታናሽ ወንድሟን ታጎርሳለች። እጇ ሥራ አልፈታም። ወደ አፏ የገባው ግን ሦስት ጉርሻ ብቻ ነው። እናትየው «ኧረ አብራን ትበላለች» ይሉኝ ነበር። አልዋሹም፣ አላዩም እንጂ። እርስዎም ዛሬ ራት ላይ እጇን ይከተሉ። የወር አበባዋ ቀርቶ እንደሆነ ቀስ ብለው ይጠይቋት። ከምግብ በኋላ ቶሎ ወደ መጸዳጃ ቤት ትሄዳለች? ያዞራታል? ብርዱ የሁላችንም ነው፤ ቀን በፀሐይ ጋቢ ተከናንባ የምትንቀጠቀጥ ልጅ ግን ታሳስበኛለች።

የአንኮበር ልጅ፦ ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው። ጾምን በሽታ አታድርጉት።

ደብረ ሲና፦ ማን ጾምን በሽታ አለ? እህቴ «ጾም ነው» እያለች ሁለት ዓመት ደበቀችን።

የአንኮበር ልጅ፦ አባቶቻችን 55 ቀን ጾመው መች ታመሙ?

ደብረ ሲና፦ እነሱማ ፋሲካ ሲደርስ ይበሉ ነበር! እሷ የፋሲካ ለት ሆዴን አመመኝ ብላ ተኛች።

ሲስተር፦ ተዉ፣ አትጣሉ። ልዩነቱን ደብረ ሲና ተናግራዋለች። የምትጾም ልጅ ዘጠኝ ሰዓትን ትጠብቃለች፣ ፋሲካን ትናፍቃለች። የታመመችዋ ፋሲካን ትፈራለች። ለታመመ ሰው ደግሞ ጾም ግዴታ አይደለም፤ የንስሐ አባቷን ያማክሩ። «የፈረንጅ በሽታ» ስለተባለው፦ ፊጂ በምትባል የደሴቶች አገር፣ በአንድ አውራጃ ቴሌቪዥን የገባው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ያኔ ለመክሳት ብላ የምታስመልስ ልጃገረድ አልተገኘችም። ከሦስት ዓመት በኋላ ሲጠየቁ ከመቶ 11 ያህሉ አዎ አሉ። እዚያ ደግሞ ደልደል ያለ ሰውነት ነበር የሚወደደው። የእኛ ልጆች ቲክቶክ እጃቸው ላይ ነው።

ናፍቆት፦ ሎሚ በሙቅ ውሃ ቦርጭ ያጠፋል?

ሲስተር፦ ርዕሳችን አይደለም።

መምህሩ፦ ክፍል ውስጥ አንዷን «ዱባ» እያሉ ያሾፉባታል።

ሲስተር፦ እዚያው አስቁሙ። እሷን ግን «ትንሽ ቀንሺ» እንዳትሏት። በልጅ ሰውነት ላይ አስተያየት አትስጡ።

የሸዋሮቢት አባት፦ ወንድ ልጅንም ይይዛል?

ሲስተር፦ ይይዛል።

ሰላም፦ ሳይታመሙ በፊትስ ምን እናድርግ?

ሲስተር፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። በቀን አንዴ እንኳ አብራችሁ ብሉ፣ ስልክ ሳይኖር። ምግብን ቅጣትም ሽልማትም አታድርጉት። እናቶች፣ መስታወት ፊት ሆዳችሁን እየቆነጠጣችሁ «ይሄን ቦርጭ» ስትሉ ልጃችሁ በር ላይ ቆማ ትሰማለች። በጾም ወቅት ሽሮ ብቻ አይሁን። ሱፍ፣ ተልባ፣ ለውዝ፣ በሶ ጨምሩ፤ በማደግ ላይ ያለ ሰውነት ነው። «ክብደትሽ ስንት ደረሰ?» ከማለት «ትምህርት ቤት ምን አጋጠመሽ?» በሉ። ብዙ ጊዜ ከረሃቡ በታች ጭንቀት አለ።

እናት፦ ልጄ አልበላ አለች፣ ምን ላድርግ?

ሲስተር፦ እባክዎ ከላይ ያለውን ያንብቡ። ዕድሜ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን እንደተወች። ሦስቱን ይዘው ይምጡ።

የሞላሌ እናት፦ ሲስተር፣ ራት በላን። እጇን ተከተልኩ። ሁለት ጉርሻ። የወር አበባዋም ከቀረ ሦስት ወር ሆኗታል።

ሲስተር፦ አይዞዎት እናቴ። ነገ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት፣ ልቧና ደሟ ይታይ። ዛሬ ማታ «ብዪ» ብለው አይጩኹባት። በአንድ ጊዜም ብዙ አያብሏት፤ ረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት በድንገት ሲሞላ ልብን ሊያውክ ይችላል። አሁን አጠገቧ ይተኙ። ሲመለሱ እዚሁ ይጻፉልኝ፣ እጠብቃለሁ።