«ጋሼ፣ ምን ልርጭበት?»

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ ልጅ በቴሌግራም አንድ ፎቶ ላከችልኝ። የእርሻ ትምህርት ሦስተኛ ዓመት ላይ ናት። ለእረፍት አያቷ ጋ ሄዳ ከጓሮው ድንች ላይ ያገኘችው ትል ነው። ከመሐል ጣት ይረዝማል፣ ይወፍራልም። መልኩ ቢጫ ነው፤ በግራና በቀኝ ጎኑ ሰባት ሰባት ሰማያዊ ሰያፍ መስመር አለው። ከኋላው ደግሞ ቆልመም ያለ ቀንድ። ከሥሩ «ጋሼ፣ ምን ልርጭበት???» ብላለች።

ስልኩን አስቀምጬ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞርኩ። ባለቤቴ «ምን ሆንክ?» ስትለኝ «ምንም» አልኳት። ያንን ትል አውቀዋለሁ።

1975 ዓ.ም. ነው። ከኮሌጅ ወጥቼ ከእንጅባራ አለፍ ብላ ባለች ቀበሌ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሆንኩ። አገሩ ጭጋግ፣ ቀርቀሃ፣ ድንችና ንብ ነው። አዲስ ካኪ ሱሪ ነበረኝ። በጀርባ የሚታዘል መርጫም ተሰጥቶኛል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያንን መርጫ ሳዝል ሐኪም የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ ማለዳ አንድ ልጅ እየሮጠ መጣ። «ቀንዳም ትል ድንቻችንን እየበላ ነው፤ እማ ማሳው አልገባም ብላለች» አለኝ። ሄድኩ። እንዲህ ያለ ትል ኮሌጅም አላየሁም። በእስክሪብቶ ነካ ሳደርገው ራሱን ወደ ጎን ወርወር አድርጎ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ አሰማ። ደንግጬ ወደ ኋላ ዘለልኩ። ልጁ ሳቀብኝ። ያ ሳቅ ባይኖር ኖሮ ምናልባት ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር።

አባወራው ሽማግሌ ናቸው። «ልጄ፣ ቢበዛ ሰባት ስምንት ቢሆን ነው። በእንጨት እየለቀምን እንጥለዋለን» አሉኝ። እኔ ግን «አባባ፣ እኛ በሳይንስ ነው የምንሠራው» አልኳቸው። ይህን ያልኩትን ሳስብ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ይግላል።

ማላታዮን የተባለውን የተባይ መድኃኒት በጠበጥኩ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሆኗል፤ ፀሐይ ሞቅ ብላለች። የማሳው ዳርና ዳር አደይ አበባ ነው፤ ንቡ ይርመሰመስበታል። ንብ አበባ ላይ እያለ መድኃኒት እንደማይረጭ አውቃለሁ። ፈተና ላይ መጥቶልኝ በትክክል መልሼዋለሁ። ግን ደመወዝ ወጥቷል፣ ወደ ከተማ የምትሄደው መኪና ደግሞ በስድስት ሰዓት ትነሳለች። ረጨሁ። ትሎቹ እየተንጠለጠሉ ወደቁ። እኔም ለመኪናው ደረስኩ።

በሦስተኛው ቀን ተመለስኩ። ቤቱ ጣራ ሥር አምስት የቀርቀሃ ቀፎዎች ተንጠልጥለዋል፤ በእበት የተመረጉ፣ ያማሩ። የሦስቱ ፊት መሬቱ ጠቁሯል። በሕይወት ያሉት ንቦች መብረር አቅቷቸው ይድሃሉ። የሞቱት ምላሳቸውን አውጥተው ነው የሞቱት። ሽማግሌው አጎንብሰው በመዳፋቸው ያፍሷቸዋል። ከባለቤታቸው ጋር በአገውኛ አንድ ነገር ተባባሉ፤ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና «እግዜር የሰጠውን እግዜር ወሰደው። አንተ የተማርከው፣ ይሄ ምን በሽታ ይሆን?» አሉኝ።

«እንጃ አባባ» አልኩ።

ሳላስብ መርጨቴን ወጣትነት ልለው እችላለሁ። «እንጃ» ማለቴን ግን ምን ልበለው? በዚያ አገር የሦስት ቀፎ ማር ማለት ጨው ነው፣ ግብር ነው፣ የልጅ ደብተር ነው። እኔ ደግሞ በወሩ መጨረሻ ሪፖርት ላይ «ሩብ ሄክታር ድንች ከተባይ ተጠብቋል» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬም አመሰገነኝ።

ጥቅምት ላይ ድንቹ ሲወጣ ላግዝ ሄድኩ። ደግ ሆኜ አይምሰላችሁ፤ እንቅልፍ ነስቶኝ ነው። ከስንዝር በላይ ስቆፍር ግድግዳው የተለሰነ የሚመስል ትንሽ የአፈር ጎጆ አገኘሁ። ውስጡ እንደ ተወለወለ ጫማ የሚያብለጨልጭ ቡናማ ነገር አለ፤ መጽሐፍ ፑፓ የሚለው፣ ትል ክንፍ ከማውጣቱ በፊት የሚያልፍበት ደረጃ ነው። ስይዘው ወገቡን አወዛወዘ። እኔ ከመርጨቴ በፊት አፈር ገብቶ የተረፈ መሆን አለበት። በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ከነአፈሩ አስቀመጥኩት።

ለኅዳር ሚካኤል ሰሞን አንድ ሌሊት ከቆርቆሮው ውስጥ የአይጥ የሚመስል ጩኸት ሰማሁ። ኩራዝ አብርቼ አየሁ። መዳፍ የምታህል የእሳት እራት ናት። ሆዷ ቢጫና ጥቁር ዝንጉርጉር ነው። ጀርባዋ ላይ ቁጭ የሰው ራስ ቅል ተስሏል። ፀጉሬ ቆመ። ክንፎቿ ግን እንደ ተጨማደደ ጨርቅ ሆነው ደርቀዋል። ከአፈር ስትወጣ የምትንጠለጠልበት እንጨት ያስፈልጋታል፤ ክንፏን ቁልቁል ለቃ የምትዘረጋው እንዲያ ነው። ቆርቆሮ ውስጥ ምን ላይ ትወጣለች? እሱንም አላወቅኩም ነበር።

ይህን ጊዜ ሽማግሌው በመጀመሪያው ሳምንት ያጫወቱኝ ትዝ አለኝ። «ሌሊት አንዲት ትልቅ የእሳት እራት ቀፎ ገብታ እንደ አይጥ ትጮኻለች፤ ማሬን ትጠጣለች» ሲሉኝ የገበሬ ተረት ነው ብዬ በሆዴ ስቄባቸው ነበር። ትክክል ነበሩ። መጠጫዋ አጭርና ጠንካራ ስለሆነ ጥልቅ አበባ ላይ አይሆንላትም። የታሸገ የማር እንጀራ ግን ይበሳል። ጠረኗ የንብን ጠረን ስለሚመስል ንቦቹ አብዛኛውን ጊዜ አያስተውሏትም። ጩኸቱም እንደ አኮርዲዮን ነው፤ አየር በአፏ እየሳበች መልሳ ስትገፋው የሚወጣ። ለእንስሳትና ለዕፅዋት ሳይንሳዊ ስም ያወጣው የስዊድኑ ሊቅ ሊኔየስ በ1758 እ.ኤ.አ. አትሮፖስ ብሎ ሰየማት፤ በግሪኮች ተረት የሕይወትን ክር የምትቆርጠዋ ናት። በዚያ ማሳ ላይ እንኳ ስሙ ለእኔ ነበር የሚገባው።

በማግስቱ ቆርቆሮውን ይዤ ሄድኩ። ሁሉንም ልናገር ቆርጫለሁ። ሽማግሌው ከፍተው እንዳዩ «ይቺውና ሌባዋ!» ብለው እንደ ልጅ ሳቁ። ያ ቀንዳም ትል የእሷው ልጅ ነው ስላቸው አላመኑም። አስቀምጠው ጠላ አስቀዱልኝ፣ ልጆቹን ጠርተው አሳዩ፣ «ይሄ ልጅ ተመራማሪ ነው» አሉ። ጠላውን ጠጣሁ። ስለ ንቦቹ አልተናገርኩም። በዓመቱ ተዛወርኩ።

እናንተ የዛሬ የእርሻ ተማሪዎች፣ ስለ ጓንትና ስለ አፍ መሸፈኛ አልመክራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። መድኃኒት አትንኩም አልልም። ተምች ሲወርድ በእጅ ልቀሙ የሚል ሰው ተምች አላየም፤ እኔም እስከ ጡረታዬ ስረጭ ነው የኖርኩት። የሚያናድደኝ ጥድፊያችሁ ነው። ፎቶ ታነሳላችሁ፣ ትልካላችሁ፣ ሁለት ደቂቃ ከዘገየን «ጋሼ አለህ?» ይመጣል። አንድ ትል ፊት ግማሽ ሰዓት ቁጭ የሚል ልጅ ካየሁ ቆየሁ። እኔስ መቼ ቁጭ አልኩ? እናንተ ቢያንስ ከመርጨታችሁ በፊት ትጠይቃላችሁ።

ለልጅቷ ማታውኑ ደወልኩላት። ስንት ናቸው ስላት «ሁለት» አለች። ቀንዱ አይወጋም፣ ንኪው አልኳት። ጮኸች፣ ግን ነካችው። ትላንት ደግሞ ሌላ ፎቶ ላከች። አንዱ መልኩ ጠቆር ብሎ ከድንቹ ወርዷል፤ መሬት ላይ ይንከራተታል። አፈር ሊገባ ነው። ባልዲ ሙሉ አፈር አዘጋጅታለታለች።

«ጋሼ፣ ሌላስ ምን ላድርግለት?» አለችኝ።

«እንጨት አቁሚለት» አልኳት። «ረዘም ያለ፣ ቅርፊቱ ያልተላጠ።»