ሚ-24ን በሞዴል፦ ስለ ዝርዝር ሥራው ጥያቄና መልስ

የዛሬው ጥያቄ ሁሉ የፕላስቲክ ሚ-24 ሄሊኮፕተር ሞዴል እውነተኛ እንዲመስል ስለሚጨመርበት ዝርዝር ነው። ልኮቹ የተሰጡት በ1ለ48፣ ማለትም ከእውነተኛው 48 ጊዜ ባነሰ መጠን ነው፤ በ1ለ72 ወይም በ1ለ35 የሚሠራ ሰው ልዩነቱ የሚያስፈልገው ቦታ ላይ ተጠቅሶለታል።

ጥያቄ፦ እስካሁን ከካርቶኑ የወጣውን እንዳለ ነበር የምገጣጥመው። አሁን ዝርዝር ልጨምርበት ፈልጌ ሳየው ሁሉም ነገር የጎደለው መሰለኝ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከፎቶ ጀምር። እንዲሁ የሚ-24 ፎቶ ሳይሆን የአንድ ሄሊኮፕተር፣ የጎን ቁጥሩ የሚነበብ፣ ቢገኝ ከግራም ከቀኝም የተነሣ። ዓይነቶቹ ከሩቅ ይመሳሰላሉ እንጂ ቀረብ ሲሉ ይለያያሉ። ሚ-24ቪ አፍንጫው ሥር የሚዞር ባለ አራት አፈሙዝ 12.7 ሚሊ ሜትር መትረየስ አለው፤ ሚ-24ፒ ግን በቀኝ ጎኑ የማይዞር ባለ ሁለት አፈሙዝ 30 ሚሊ ሜትር መድፍ ነው የተገጠመለት። በክንፎቹ ጫፍ ላይ ሚ-24ዲ ፋላንጋ ሚሳኤልን በሐዲድ፣ ሚ-24ቪ ደግሞ ሽቱርም ሚሳኤልን በቱቦ ይሸከማል። የሁለቱን ዝርዝር ያደባለቀ ሞዴል ምንም ያህል ቢለፋበት የሚያውቅ ሰው ፊት ይወድቃል።

ቀጥሎ ሒሳብ ነው። የእውነተኛውን ዕቃ ሚሊ ሜትር ለ48 አካፍል። 10 ሚሊ ሜትር የሃይድሮሊክ ቱቦ 0.2 ይሆናል፣ ይሠራል። 45 ሚሊ ሜትር የወንበር ቀበቶ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ በደንብ ይታያል። ከ0.1 በታች የሚመጣውን እርሳው፤ ቀለሙ ራሱ ይደፍነዋል። ከዚያ ዓይን ቀድሞ የሚያርፍባቸውን ቦታዎች ያዝ፦ የሮተሩ ራስ፣ ኮክፒቱ፣ መትረየሱና የጎማው እግሮች። የሆዱን ሥር መጨረሻ ላይ ታየዋለህ፤ ብታየው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የዋናው ሮተር ውልብልቢቶች ቀጥ ብለው ሲቆሙ መጫወቻ አስመሰሉብኝ። እንዴት ነው የሚጎብጡት?

መልስ፦ የሚ-24 ሮተር ዳር እስከ ዳር 17.3 ሜትር ነው፤ በ1ለ48 36 ሴንቲ ሜትር፣ በ1ለ72 24፣ በ1ለ35 49 ይደርሳል። ይህን ያህል ርዝመት ሞተሩ ጠፍቶ ሲቆም በራሱ ክብደት ይወርዳል። ብዙዎች ውልብልቢቱን ከሥሩ ሰብረው ያጥፉታል፤ ልክ አይደለም። ሥሩ ጠንካራ ስለሆነ ቀጥ ብሎ ይወጣና ጉብጠቱ ከመሀል ወደ ጫፍ እየጨመረ ነው የሚሄደው።

ከጎን የተነሣ ፎቶ ፈልግና የጉብጠቱን መስመር በወፍራም ካርቶን ላይ ሥለህ ቁረጥ፤ ያ ፎርማህ ነው። ውሃ አፍላ፣ ከእሳት አውርደህ ሁለት ሦስት ደቂቃ አቆየው። የሚንተከተክ ውሃ ውስጥ ከከተትከው ቀጭኑ ጠርዝ ይሸበሸባል፣ ፕላስቲኩ የሚለሰልሰው መቶ ዲግሪ አካባቢ ነውና። ውልብልቢቱን ለ20 ሰከንድ ያህል ንከረው፣ ፎርማው ላይ ጫን፣ ከነፎርማው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስገባ። ትንሽ ወደ ኋላ ስለሚመለስ ፎርማውን ከፎቶው በጥቂቱ አብዝተህ ጉበጥ አድርገው። አምስቱንም በዚያው ፎርማ ሥራ። በዓይን ግምት የጎበጡ አምስት ውልብልቢቶች አንድም ቀን እኩል ሆነው አያውቁም፣ ሄሊኮፕተሩ የተጋጨ ያስመስሉታል።

ከማጣበቅህ በፊት አቅጣጫውን አረጋግጥ። ከላይ ሲታይ የሚ-24 ሮተር በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ ነው የሚዞረው። ስለዚህ በግራ ጎን በኩል የተዘረጋው ውልብልቢት ወፍራሙና ክቡ ጠርዝ ወደ አፍንጫው መዞር አለበት። አሜሪካኖቹ አፓችና ብላክ ሆክ ተቃራኒ ናቸው፤ እነሱን ሲሠራ የቆየ እጅ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው።

ጥያቄ፦ የሮተሩ ራስ ላይስ ምን ይጨመራል? ኪቱ (የሚገጣጠመው የሞዴል ዕቃ) ላይ አንድ ድፍን ቁራጭ ነው።

መልስ፦ ቱቦና ሽቦ። ለእያንዳንዱ ውልብልቢት ሥር ዳምፐር (መወዛወዙን የሚያበርድ) አለ፣ ወደ ውልብልቢቱ ጠርዝ የሚሄድ የበረዶ መከላከያ ማሞቂያም ገመድ አለው። ለዚህ የሚሆን ሽቦ ኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ይገኛል፦ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ተጣጣፊ ገመድ ስትልጠው ውስጡ 24 ቀጫጭን የመዳብ ክሮች አሉ፣ እያንዳንዳቸው 0.2 ሚሊ ሜትር። መዳብ ሲያጥፉት ወደ ኋላ ይዘላል። በላይተር ነበልባል ላይ ፈጠን አድርገህ አሳልፈውና ይቀዘቅዝ፤ እንደ ክር ይታዘዝልሃል። የእርሳስ ሽቦ ካገኘህማ ማጋልም አያስፈልገው፤ ከሠራህ በኋላ ግን እጅህን ታጠብ።

አንዱን ቱቦ በትክክል ቅረጽ፣ ልክ መሆኑን እይ፣ ከዚያ በእርሱ ልክ ሌሎቹን አራቱን ቁረጥ። ጫፎቹ የሚገቡበትን ቀዳዳ በ0.3 ትራፓኖ ብሳ፤ ላይ ላዩን በሱፐር ግሉ የተለጠፈ ሽቦ ቀለም ሲቀባ ብሩሹ ይዞት ይሄዳል።

ጥያቄ፦ የመትረየሱ አፈሙዞች ድፍን ናቸው፣ አራቱም አንድ ላይ ተጣብቀዋል። ብበሳቸው ተሰነጠቁ።

መልስ፦ አትብሳቸው፣ ቆርጠህ ጣልና በመርፌ ተካቸው። ያልተጠቀሙበት የሕክምና መርፌ ፋርማሲ ግዛ። 12.7 ሲካፈል ለ48፣ 0.26 ነው። ባለ 25 ጌጅ (የመርፌ ውፍረት ቁጥር) መርፌ የውስጥ ቀዳዳው 0.26፣ የውጩ 0.51 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለዚህ ሥራ የተፈበረከ ነው የሚመስለው። መያዣው ብርቱካናማ ስለሆነ ቁጥሩን ሳታነብም ትለየዋለህ። በ1ለ72 ባለ ቢጫው 30 ጌጅ፣ በ1ለ35 ደግሞ ባለ ሰማያዊው 23 ጌጅ ይጠጋጋል።

በፒንሳ አትቁረጠው፤ ቀዳዳው ተጨፍልቆ ይዘጋል። ጠረጴዛ ላይ እያንከባለልክ በሹል ሞረድ ዙሪያውን ፈግፍግና ስበረው፣ ወይም በትንሽ ትራፓኖ ላይ በሚገጠም መቁረጫ ዲስክ ቁረጠው። ዲስኩን የምትጠቀም ከሆነ መነጽር አድርግ፣ ብረቱ ወዴት እንደሚፈናጠር አይታወቅም። አራቱን በአራት ማዕዘን ስታስተካክላቸው መሀላቸው ላይ 0.2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይቀራል፤ ያንኑ የመዳብ ክር መሀል ላይ ካስገባህ አራቱም ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ሱፐር ግሉ በጥርስ እንጨት ጫፍ፣ ከኋላ በኩል ብቻ። ከፊት ካደረግኸው ቀዳዳውን ጠጥቶ ይደፍነዋል።

ጥያቄ፦ ኮክፒቱ በመስታወት ስለሚሸፈን መድከም ዋጋ አለው?

መልስ፦ ሚ-24 ላይ አለው። ተኳሹ ከፊት፣ አብራሪው ከበላዩ ወደ ኋላ ነው የሚቀመጡት፣ የሁለቱም መስታወት እንደ አረፋ ያበጠ ስለሆነ ውስጡ ወለል ብሎ ይታያል። ትከሻ አካባቢ ያለው ግን ይበቃል፤ ወለሉን ማንም አያየውም። ቀበቶውን 1 ሚሊ ሜትር ከተቆረጠ የወረቀት ቴፕ፣ ዘለበቱን ከመዳብ ክር ሥራው። ቀበቶው ወንበሩ ላይ ተንጣሎ እንደተለጠፈ ወረቀት ከሆነ ልፋትህ ከንቱ ነው፤ መሀሉ ላይ ትንሽ አንሳው፣ ጫፉ ወደ ጎን ይንጠልጠል።

ብዙዎቹ የሶቪየት ኮክፒቶች ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ ናቸው፣ ግራጫ የሆኑም አሉ፤ ያው ፎቶህን እይ። አንድ ደረጃ አንጥተህ ቀባው፤ ከመስታወቱ ሥር ሁሉም ይጠቁራል።

መስታወቱን በሱፐር ግሉ በፍጹም አታጣብቅ። እንፋሎቱ ከውስጥ ነጭ ጉም ይጥልበታል፣ ከዚያ መክፈቻ የለውም። ነጩ የእንጨት ኮላ ይበቃል፣ ሲደርቅ ይጠራል፣ ከተበላሸም በእርጥብ ጨርቅ ይነሣል።

ጥያቄ፦ ሪቬቶቹን (የገላውን ብረት የሚያያይዙትን ምስማሮች) አንድ በአንድ ልሥራ ወይስ ልተዋቸው?

መልስ፦ በ1ለ72 ተዋቸው። በ1ለ48 ኪቱ የሰጠህን ሪቬት የብርጭቆ ወረቀት እንዳያጠፋብህ ተጠንቀቅ፤ መጋጠሚያውን ስትሞርድ ግራና ቀኙን በቴፕ ሸፍነው። የጠፋውን ሪቬት በሬዚን ነጥብ በታተመበት ዲካል (ውሃ ውስጥ ነክረው የሚለጥፉት ስስ ሥዕል) መመለስ ይቻላል። በ1ለ35 ግን የጅራቱን ግንድ ሙሉ መሥራት ዓይን የሚሞላ ለውጥ ያመጣል፣ ትዕግሥቱ ካለህ።

ጥያቄ፦ ሞዴሌ ጎማው ላይ ሲቆም ወደ ግራ ያዘነብላል። እግሩን አሳጥሬ ላስተካክለው ነው።

መልስ፦ እንዳትነካው! እውነተኛውም ያዘነብላል። የሮተሩ ምሰሶ ከገላው አንጻር ወደ ቀኝ 2.5 ዲግሪ የዘመመ ነው፤ ሄሊኮፕተሩ አየር ላይ ሲቆም የጅራቱ ሮተር ወደ ጎን የሚገፋውን ለማካካስ። መሬት ላይ ሮተሩ አግድም ልክ እንዲሆን ደግሞ እግሮቹ ገላውን ወደ ግራ ያዘነብሉታል። ማጣራት የምትፈልግ ከሆነ ከፊት ለፊት በሮተሩ ቁመት ተመልከት፦ የሮተሩ ራስ ከጠረጴዛው ጋር ትይዩ፣ ገላው ደግሞ በትንሹ ወደ ራሱ ግራ (ላንተ ወደ ቀኝ) ከሆነ ልክ ነው። ሁለቱም አብረው ካዘነበሉ አንዱ እግር አጥሯል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ከጅራቱ በላይ የተዘረጋችውን የሬዲዮ ሽቦ በምን ልሥራት? ናይለን ክር ወፈረብኝ።

መልስ፦ ለሞዴል የሚሸጠው የሚለጠጥ ክር ከሁሉም ይሻላል፣ ጣት ቢነካውም አይበጠስም። ከሌለሽ የኪቱ ዕቃዎች ተያይዘው ከሚመጡበት የፕላስቲክ ፍሬም ቁራጭ ወስደሽ ሻማ በላይ አሙቀሽ፣ ማብረቅ ሲጀምር ከእሳቱ አርቀሽ ሳቢው፤ በቀስታ ከሳብሽው ይወፍራል፣ በፍጥነት ከሆነ ይቀጥናል። ከተጣበቀ በኋላ ከላላ የተለኮሰ ዕጣን ከሥሩ ሳታስነኪ አሳልፊ፣ ራሱ ይወጠራል። ሁልጊዜ የመጨረሻ ሥራ ይሁን፣ ከቨርኒሽ በኋላ።

ጥያቄ፦ ለማቆሸሽ ስሞክር ሁሉም አንድ ዓይነት ጭቃ ሆነብኝ። ምን እየሳትኩ ነው?

መልስ፦ ቆሻሻ ሁሉ አንድ አይደለም። እያንዳንዱ ከየት እንደመጣ ካወቅህ ወዴት እንደሚሄድም ታውቃለህ።

ዘይትና ግራሶ ከሮተሩ ራስ ይጀምርና በሞተሩ ሽፋን ላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ያብረቀርቃል፣ ጠርዙ ጥርት ያለ ነው። ጥቀርሻ ከጭስ ማውጫው ወጥቶ በጅራቱ ግንድ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ አያብረቀርቅም፣ ጠርዙ የደበዘዘ ነው። ስለዚህ ጥቀርሻውን በኤርብራሽ፣ በጣም በቀጠነ ጥቁር ቡናማ፣ ደራርበህ ንፋ። ንጹሕ ጥቁር አትጠቀም። ማት (የማያብረቀርቅ) ቨርኒሹን ቀብተህ ከጨረስህ በኋላ ዘይቱን በቀጭን ብሩሽ፣ ከሚያብረቀርቅ ቨርኒሽ ጋር በተደባለቀ ቡናማ የዘይት ቀለም አውርደው። ቅደም ተከተሉን ካገላበጥኸው ማቱ ዘይቱን አፍዝዞ እንደገና ጭቃ ያደርገዋል።

በአፍጋኒስታን ጦርነት ጊዜ በጭስ ማውጫዎቹ ላይ የተገጠመው ትልቁ ሙቀት ማብረጃ ሳጥን ሞዴልህ ላይ ካለ ጭሱ ወደ ላይ ስለሚወጣ ጎኑን እንደ ባዶው ቧንቧ አታጥቁረው።

የተላጠ ቀለም ሰው በሚረግጥበት ቦታ ነው የሚታየው፦ የክንፉ ላይ፣ መወጣጫዎቹ፣ ተከፍተው መካኒኮች የሚቆሙባቸው የሞተር ሽፋኖች። ቁራጭ ስፖንጅ ነክረህ ወረቀት ላይ አራግፈው፣ ከዚያ ንካ ንካ አድርግ። የዝገት ቀለም ግን ገላው ላይ አታድርግ፤ አሉሚኒየም ነው፣ አይዝግም።

ጥያቄ፦ የመስመር ማጉያ ቀለም ካፈሰስኩ በኋላ የክንፉ መጋጠሚያ ተሰነጠቀ። ቀለሙ መጥፎ ነው?

መልስ፦ ቀለሙ ሳይሆን ማቅጠኛው አኳራጁ ነው። ተጨንቆ የተጣበቀ ፕላስቲክ ላይ ሲቋጥር ውጥረቱን ይፈታዋል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። መጋጠሚያ በግድ ተጭኖ መዘጋት የለበትም፣ ክፍተቱን በስቱኮ ሙላ። ከዚያ የሚያብረቀርቅ አክሪሊክ ቨርኒሽ ቀብተህ 24 ሰዓት ይደር፤ የዘይት ቀለሙን በአኳራጅ አንድ ለአሥር አቅጥን። ብሩሹን መስመሩ ላይ ብቻ አስነካ፣ ራሱ ይሮጣል። ሙሉውን ክንፍ አታጥለቅልቀው።

ጥያቄ፦ የኢትዮጵያ አየር ኃይልን ሚ-24 ለመሥራት ኪቱ ውስጥ ዲካል የለም። ቤት ውስጥ ማተም ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። አየር ኃይላችን ሚ-24ን በደርግ ዘመን ከሶቪየት ኅብረት ነው የተቀበለው፤ ምልክቱና ቀለሙ በየዘመኑ ስለሚለያይ የአንድ ዘመን ፎቶ ምረጥና በእርሱ ጽና። ችግሩ የማተሚያ ቀለም ብርሃን አሳላፊ መሆኑ ነው። ጥርት ባለ የዲካል ወረቀት ላይ የታተመ ቢጫ አረንጓዴ ገላ ላይ ሲያርፍ ይሰወራል፣ ቀዩም ቡናማ ይሆናል። በነጭ ወረቀት ካተምከው ይስተካከላል፣ ግን ጠርዙን እስከ መስመሩ መቁረጥ አለብህ። ሌላው መንገድ ክቡን በቴፕ ከልለህ መጀመሪያ ነጭ ቀብተህ ዲካሉን በላዩ ማስቀመጥ ነው። ውሃ ውስጥ ከመክተትህ በፊት ሁለት ሦስት እጅ ቨርኒሽ ንፋበት፣ ያለበለዚያ ቀለሙ ከወረቀቱ ቀድሞ ይሟሟል።

ጥያቄ፦ እህቴ ከዋሽንግተን ስትመጣ ቀለም ልታመጣልኝ ትችላለች?

መልስ፦ በውሃ የሚቀጥነውን አክሪሊክ ታምጣ። ላከር፣ ኢናሜል፣ ቲነርና የሚረጭ ቆርቆሮ ቀለም ተቀጣጣይ ስለሆኑ ሻንጣ ውስጥ አይፈቀዱም፣ ከተገኙ ይወሰዳሉ። ቦታ ከተረፋት የ0.3 ትራፓኖ ጫፍ አምስት ስድስት ትጨምር፤ ይሰበራል፣ በቶሎ ነው የሚያልቀው።