ጥያቄ አለኝ፦ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ባለቤት ያዳላል ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ከፖሊ ተመርቄ እዚሁ ባሕር ዳር ለሱቆችና ለፋርማሲዎች የሽያጭና የስቶር መቆጣጠሪያ ፕሮግራም እሠራለሁ። በቅርቡ ቀበሌ 14 አንድ ፋርማሲ ገብቼ ልጭን ስል፣ ኮምፒውተሩ «ሠሪው አይታወቅም፣ ሊጎዳዎት ይችላል» የሚል ትልቅ ማስጠንቀቂያ በእንግሊዝኛ አወጣ። ባለቤትየዋ «ቫይረስ ነው እንዴ ያመጣህብኝ?» ብለው አስቆሙኝ። የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው የዊንዶውስ፣ ሠሪ የራሱ ፕሮግራሞች ግን ተጭነው ነው የሚመጡት፣ ማንም አይጠይቃቸውም። ጓደኞቼ እነዚህ ኩባንያዎች ሆን ብለው ሌላውን ይጥላሉ ይላሉ። እውነት ነው ወይስ ሰበብ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰበብ አይደለም። ጓደኞችህ የሚሉት ፍርድ ቤት ድረስ የሄደ ታሪክ አለው። አንተን የገጠመህ ግን ከዚያ ትንሽ ይለያል። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከመልእክቱ እንጀምር፣ ምክንያቱም አንድ መልእክት ብቻውን ደንበኛ ማባረር እንደሚችል አንተው አይተሃል። በ1991 መጨረሻ ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 3.1ን ለሙከራ ሲያድል ውስጡ የተደበቀ ኮድ ነበረበት። ያኔ ዊንዶውስ ብቻውን አይሠራም፣ ከሥሩ ዶስ የሚባል ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይፈልጋል። ማይክሮሶፍት የራሱ ዶስ ነበረው፤ ዲአር ዶስ የሚባል ተፎካካሪም ነበር። ያ ኮድ ከሥር ያለው ዶስ የማን እንደሆነ ይፈትሻል፣ የማይክሮሶፍት ካልሆነ ስህተት ተገኝቷል የሚል መልእክት ያወጣል። ተጠቃሚው መልእክቱን አልፎ ከቀጠለ ዊንዶውሱ ይሠራል! ለገበያ በወጣው ቅጂ መልእክቱ እንዳይታይ ተደረገ፣ ኮዱ ግን ውስጡ ቀረ። ዲአር ዶስን የገዛው ካልዴራ በ1996 ከሰሰ፣ በ2000 በስምምነት ተዘጋ። ማይክሮሶፍት 280 ሚሊዮን ዶላር መክፈሉ የታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው።

ትልቁ ክስ ደግሞ በ1998 መጣ። የአሜሪካ መንግሥትና በርካታ ክፍለ ግዛቶች ማይክሮሶፍትን ከሰሱ፣ መነሻው የማይክሮሶፍቱ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ተፎካካሪ የነበረው የኔትስኬፕ ብራውዘር (ድረ ገጽ መክፈቻ) ጉዳይ ነው። ኮምፒውተር አምራቾች የኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን ምልክት ከዴስክቶፕ እንዳያነሱ በውል ታስረው ነበር። ዊንዶውስ 98 ላይ ደግሞ ተጠቃሚው ራሱ ሊያጠፋው ቢፈልግ፣ ፕሮግራም ማጥፊያው ዝርዝር ውስጥ አያገኘውም። ዳኛው በ2000 ኩባንያው ለሁለት ይከፈል አሉ። ይግባኝ ሰሚው በ2001 መከፈሉን ሻረው፤ ሞኖፖሉን በሕገወጥ መንገድ ጠብቋል የሚለውን ግን አጸናው። በ2002 በጸደቀው ስምምነት ማይክሮሶፍት እንደ ብራውዘር ያሉ የራሱ ፕሮግራሞች ከዊንዶውስ ጋር የሚነጋገሩባቸውን ኤፒአዮች ለሌሎችም እንዲገልጽ ተገደደ።

እኔ ከሁሉም የምወደው የአውሮፓውን ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2004 ማይክሮሶፍትን 497 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው፣ አንዱ ምክንያት የተፎካካሪ ሰርቨሮች ከዊንዶውስ ጋር ለመግባባት የሚያስፈልጋቸውን መረጃ መከልከሉ ነበር። ፍርድ ቤቱ በ2007 ውሳኔውን አጸና። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሳምባን (ሌሎች ሰርቨሮች ከዊንዶውስ ጋር ፋይል እንዲለዋወጡ የሚያደርገውን ፕሮግራም) የሚሠሩት፣ ኮዳቸውን በነፃ የሚሰጡት ፕሮግራመሮች፣ ለዓመታት በመላ ምት ሲፈቱት የኖሩትን አሠራር ሰነዱን በ10,000 ዩሮ አገኙ። አስበው፣ ትልቁ ኩባንያ ያን ሁሉ ዓመት የተሟገተው ያንን ሰነድ ላለመስጠት ነው። ይህ ያናድደኛል።

ታዲያ ማዳላት የሚባለው የቱ ነው? ጣና ላይ ወደቡ የአንድ ሰው ነው እንበል፣ ሰውየው ራሱም ጀልባ አለው። ጀልባው ፈጣን ቢሆን፣ ዋጋውም ቢቀንስ ጥፋት የለበትም። የሌላውን ጀልባ ገመድ ማሰሪያ ሲከለክል፣ ተሳፋሪውን «ያ ጀልባ ይሰምጣል» እያለ ሲያስፈራራ ነው ጥፋቱ።

ከሳሽ ሁሉ ደግሞ አይረታም። ኖቬል የተባለው ኩባንያ የጽሑፍ ማዘጋጃው ፕሮግራም የዎርድፐርፌክት ባለቤት በነበረበት ጊዜ፣ በ1994፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 95 አሳይቶት የነበረውን አንድ ኤፒአይ ድጋፍ እንደማይሰጠው አስታወቀ። ኖቬል ከአሥር ዓመት በኋላ ከሰሰ፣ በ2013 ይግባኝ ላይ ተረታ። የአሜሪካ ሕግ ባለጋራህን እርዳ ብሎ በቀላሉ አያስገድድም።

ወደ አንተ ልመለስ። የገጠመህ ማስጠንቀቂያ ዲጂታል ፊርማ (ሠሪው ማን እንደሆነ የሚያረጋግጥ ምልክት) የሌለውን ወይም ገና ያልታወቀን ፕሮግራም ሁሉ ይመለከታል፣ የተፎካካሪን ስም አይቶ የሚመርጥ አይደለም። ቫይረስም በብዛት የሚገባው ያልታወቀ ፋይል ሲከፈት ነው፣ ስለዚህ ተገቢ ምክንያት አለው። ግን ደንቡ ወረቀት ላይ እኩል ይሁን እንጂ ጫናው እኩል አይደለም። የፊርማ ሰርተፍኬት በዶላር ይገዛል፣ ጊዜው ሲያልቅ እንደገና ይከፈላል። ለትልቅ ኩባንያ ኢምንት ነው፤ ባሕር ዳር ተቀምጦ በዶላር የሚከፍልበት ካርድ ለሌለው ልጅ ግን ግድግዳ ነው። እኔ ይህን ሆን ተብሎ የተሠራ ግፍ አልለውም፣ ፍትሐዊ ነው ማለትም አልችልም።

አሁን ምን ታደርጋለህ? ከቻልክ ከጓደኞችህ ጋር ድርጅት አቋቁማችሁ አንድ ሰርተፍኬት በጋራ ግዙ፣ የሚወጣውን ቅጂ ሁሉ በእሱ ፈርሙ፣ ታማኝነቱ ከጊዜ ጋር ይገነባል። ካልሆነ ፕሮግራሙን በብራውዘር የሚከፈት አድርገው፣ የሚጫን ነገር ስለሌለ ይህ ማስጠንቀቂያ አይመጣም። ለባለቤትየዋም ከመጫንህ በፊት ምን እንደሚወጣ አሳያቸው። በእኛም አገር የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 (ይህ ዓመት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው) የገበያ የበላይነትን አላግባብ መጠቀምን ይከለክላል። ግን በዚህ ማስጠንቀቂያ ብቻ ክስ አቁም አልልህም።

ጥያቄ፦ ጊዮርጊስ አካባቢ የጽሕፈትና የኮፒ ሥራ አለኝ። ዊንዶውስ አማርኛ ይዞ መምጣቱ የግዕዝ ሶፍትዌር የሠሩልንን ያገሬ ልጆች መጉዳት አይደለም ወይ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ገበያቸውን ሳይነካው አይቀርም፤ ያ ግን በር ከመዝጋት ይለያል። የኛ ፊደል ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት በሁሉም ኮምፒውተር አንድ ዓይነት ኮድ የሚያገኙበት ደንብ) ውስጥ የገባው በ1999 ነው፣ ለማንም ክፍት ሆኖ። ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 ኒያላ የተባለውን ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ ይዞ ሲመጣ ሌላውን እንዳትጭኚ አልከለከለሽም። ይኸው ዛሬም ፓወር ግዕዝ የሚጭን ስንት ቢሮ አለ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሶፍትዌር የራሱ ኮድ ስለነበረው፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆን እንደነበር አንቺም ታውቂዋለሽ። በዚያ ዘመን የተጻፈ የደንበኛ ሰነድ ካለሽ አሮጌው ኮምፒውተር ሳይሞት ወደ ዩኒኮድ ቀይሪው።